ወተቱ ይቅርብን፣ ደማችንን ለኩልን

ለከተማችን የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ እና ለቁጥጥር ባለሙያዎች

ጉዳዩ፦ «ጉድለት አልተገኘም» ተብሎ የተዘጋው አቤቱታችን እንደገና እንዲታይልን ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

በቅድሚያ ሰላምታችንን እናቀርባለን።

እኛ ያረጁ የመኪና ባትሪዎችን እየፈታን፣ ውስጣቸው ያለውን እርሳስ እያቀለጥን፣ ፕሌት (የባትሪውን ውስጥ የእርሳስ ዝርግ) እና ፖል (ሽቦ የሚታሰርበትን ጫፍ) እያፈሰስን መልሰን የምንገጥም 34 ሠራተኞች ነን። የድርጅቱን ስም እዚህ አንጠቅስም። መዝገቡ እናንተ ጋ ስላለ ታውቁታላችሁ።

ከአምስት ወር በፊት አቤቱታ አስገብተን ነበር። ባለሙያ ተላከ፤ መጣ፣ አየ፣ ሄደ። ባለፈው ወር መልሱ ደረሰን። ግማሽ ገጽ ናት። ለሠራተኞቹ በየቀኑ ግማሽ ሊትር ወተት ይሰጣል፤ ማስክ ታድሏል፤ ዓመታዊ የጤና ምርመራ ተደርጓል፤ ስለዚህ ጉድለት አልተገኘም ትላለች። አቤቱታችን በዚሁ ተዘጋ።

ያቺን ግማሽ ገጽ ቁጭ ብለን ደጋግመን አነበብናት። ምላሻችንን በአደባባይ ማድረጋችን ተቸግረን ነው፤ በጽሕፈት ቤት በኩል ሦስት ጊዜ ተመላልሰን «ፋይሉ ተዘግቷል» ተብለናል።

ከወተቱ እንጀምር።

ወተት መርዝ ያረክሳል ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ቀለም ቀቢውም፣ በያጁም፣ ባትሪ ሠሪውም ይጠጣል። እኛም ስንጠጣ ኖረናል። ወተት ክፉ ነገር አይደለም። ካልሲየም ያነሰው ሰው አንጀት እርሳስን አብዝቶ ስለሚቀበል፣ እንደ ምግብ ትንሽ ያግዛል። ሳንባ የገባውን ጭስ ግን አያገኘውም። አጥንት ውስጥ የተቀመጠውንም አያወጣውም። በዚያ ላይ ረቡዕና ዓርብ አለ፤ ዐቢይ ጾም አለ። በጾም ቀን አብዛኞቻችን ላስቲኩን ሳንከፍት ለልጆች ይዘን እንገባለን። የምንይዘው በየትኛው ቦርሳ ነው? ቱታችንን በጠቀለልንበት። ቤት ስንደርስ የልጆቹ እናት የወተቱን ላስቲክ ከቱታው መሃል ታወጣዋለች፣ ጫፉን በጥርሷ ትቀድና ኩባያ ላይ ትገለብጠዋለች። በመልሳችሁ ላይ መከላከያ ተብሎ የተጻፈልን ይህ ነው።

መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ አቤቱታውን ስትቀበለን «የምን እርሳስ? የትምህርት ቤቱ?» ብላ ሳቀች። አልተቀየምናትም። የትምህርት ቤቱ እርሳስ ውስጡ ግራፋይት ነው፤ ከእኛው ጋር በስም እንጂ በሥጋ አይዛመድም። የእኛው ከባዱ ብረት ነው። ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሆን እዚህ የምንጽፈው ልናስተምራችሁ አስበን አይደለም። መልሳችሁ ውስጥ አንድም ቦታ ስላላየነው ነው።

እርሳስ በሁለት በር ይገባል። አንዱ ሳንባ ነው። እርሳስ የምናቀልጥበት ድስት ሲፍለቀለቅ የሚነሳው ጭስ በጣም ደቃቅ ነው፤ ሳንባ ጥግ ድረስ ይዘልቃል፤ እዚያ የደረሰው አብዛኛው ወደ ደም ያልፋል። ሁለተኛው በር አፍ ነው። አዋቂ ሰው በአፉ ከገባው እርሳስ 10 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ይቀበላል። ትንሽ ልጅ ግን እስከ ግማሹ ሊቀበል ይችላል። የአዋቂው ስሌት ደግሞ ሆድ ውስጥ ምግብ ሲኖር ነው። ባዶ ሆድ ላይ የገባው በብዙ እጥፍ ይዘልቃል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው አቧራ ላይ ውሎ ከንፈሩን በላሰ ቁጥር ምን እየዋጠ እንደሆነ አስቡት። ጾሙን ተዉ የሚል ከመካከላችን የለም። አቧራው ይነሳልን ነው የምንለው።

ደግሞ የምንበላው በእጃችን ነው። ምሳ ላይ አንድ ትሪ እንከባለን። ያለን ቧንቧ አንድ ነው፤ እሱም ውኃ የሚመጣለት በሳምንት ሦስት ቀን ነው። ጥፍር ሥር የገባው ጥቁር ነገር በዚያች ውኃ አይለቅም። በዚያው እጅ እንቆርሳለን፣ በዚያው እጅ እንጎራረሳለን።

ደም ውስጥ የገባው እርሳስ ከሞላ ጎደል ሁሉም፣ 99 በመቶ ያህሉ፣ ቀይ የደም ሕዋስ ላይ ይጣበቃል። ደም ግን መንገዱ ነው። ማደሪያው አጥንት ነው። ሰውነት እርሳስን ከካልሲየም በደንብ አይለየውም፤ ካልሲየም መስሎት አጥንት ውስጥ ይከተዋል። አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ካለው እርሳስ ከ90 በመቶ በላይ የሚገኘው እዚያ ነው። ሥራውን ብናቆም ደም ውስጥ ያለው በአንድ ወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። አጥንት ውስጥ ያለው ግን አሥርና ሃያ ዓመት ይቀመጣል። ኩላሊት በሽንት፣ ጉበት በሐሞት በኩል ከሰገራ ጋር የቻሉትን ያህል ያወጣሉ። የሚገባው ከሚወጣው ሲበልጥ ጎተራው እየሞላ ይሄዳል። ይህ ጎተራ ደግሞ ባለቤቱ ሳያዝ ይከፈታል። ሴት ስታረግዝ፣ ስታጠባ፣ ሰው ሲያረጅ አጥንት ካልሲየም ይለቃል፤ እርሳሱም አብሮ ይወጣል።

ስለዚህ ዓመታዊ ምርመራ ስትሉ ምን እንደተመረመረ መጠየቅ ነበረባችሁ። እኛ እንንገራችሁ። ሚዛን ላይ ቆምን። ቁመታችን ተለካ። ግፊት ታየ። የደረት ራጅ ተነሳን። ሽንት ሰጠን፤ «ንጹህ ነው» ተባልን። በቃ። ያ የሽንት ምርመራ ስኳርና ኢንፌክሽን የሚታይበት ነው እንጂ እርሳስ የሚለካበት አይደለም። ሜርኩሪ ላይ የሚሠራ ሰው ቢሆን ሽንቱ ውስጥ ሜርኩሪ ቢፈለግ ያስኬዳል። ለእርሳስ ግን ዋናው መለኪያ ከደም ሥር የተቀዳ ሙሉ ደም ነው። እሱን የጠየቀ የለም፣ የታዘዘም የለም። የምርመራው ወረቀት ግን የሁላችንም ስም አለበት፤ ማኅተም አለበት፤ እናንተም ማኅተሙን አይታችሁ አለፋችሁ።

ምርመራው ምን እንዳሳለፈ በአንድ ሰው እናሳያችሁ። ድስቱ ላይ 19 ዓመት የቆመ አንጋፋ ባልደረባ አለን። ቀልጦ የተዘጋጀውን እርሳስ በጭልፋ እየቀዳ ቅርጽ ማውጫው ላይ የሚያፈስሰው እሱ ነው። እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ነበር፤ ለዚህም ነው ያ ቦታ የተሰጠው። ከሦስት ዓመት በፊት ሆዱን ይቆርጠው ጀመር። ሆድ ድርቀቱ ለሳምንት ይቆያል። ጨጓራ ነው ተባለ፤ የጨጓራ መድኃኒት ወሰደ። አሜባ ነው ተባለ፤ የአሜባውንም ወሰደ። ደም ማነስ አለብህ ተባለ፤ የብረት እንክብል ተሰጠው። ጠበልም ሄዶ ከረመ፤ እዚያ ሳለ ትንሽ ተሽሎት ነበር። ለምን እንደተሻለው ዛሬ ይገባናል፤ አንድ ወር ሙሉ ከድስቱ ርቋል። ተመልሶ ሥራ ሲገባ ቁርጠቱም ተመለሰ። በዚህ ሁሉ መሃል «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀው አንድ ሐኪም የለም።

አንድ ቀን ቡና ተጠርተን ቁጭ ብለናል። ስኒውን ተቀበለ። ቀኝ እጁ ከአንጓው ጀምሮ እጥፍ አለ፤ ቡናው ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ። እሱ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። በሳምንቱ ጭልፋው ከእጁ ወደቀ። ያኔ የሳቀ የለም። እርሳስ የእጅን ነርቭ ሲጎዳ እጅ ወደ ላይ መነሳት አቅቶት ይንጠለጠላል፤ ከድሮ ጀምሮ የሚታወቅ ምልክት ነው። እንግዲህ ዓመታዊ ምርመራው ላይ የዚህ ሰው ስም አጠገብ የተጻፈው «ለሥራ ብቁ» የሚል ነው።

ሁለተኛዋ ፕሌት የምትደረድር እህታችን ናት። ነፍሰ ጡር መሆኗን በአራተኛ ወሯ አሳወቀች። ቦታ የተቀየረላት በሰባተኛው ነው። እርሳስ እንግዴ ልጁን አልፎ ጽንሱ ጋ ይደርሳል። በእሷ ጉዳይ ደግሞ ያለፉት ስድስት ዓመታት አጥንቷ ውስጥ ያስቀመጡት ነገር አለ፤ ከሥራው ብትነሳም ያ ቀስ እያለ ወደ ደሟ ይመለሳል። ሕፃኗ ተወልዳለች፤ ደህና ትመስላለች። «ትመስላለች» ነው የምንለው፤ የለካት የለም። ይህች እናት አሁን ማጥባቷን ልተው ወይ ብላ ትጠይቀናለች። እኛ ሐኪም አይደለንም። ምን እንበላት?

ስለ ማስኩ ብዙ አንልም። ባለሙያው የመጣው ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው። እንደሚመጣ ድርጅቱ ከዋዜማው ያውቅ ነበር። ሰኞ ማታ ወለሉ ታጠበ። ማክሰኞ ድስቱ አልተለኮሰም። ማስኮቹ ከነላስቲካቸው ታደሉ፤ 11 ሰዓት ላይ ተመልሰው ተሰበሰቡ። በኮሮና ጊዜ ሰው ሁሉ ያደርገው የነበረው ሰማያዊው ማስክ ነው። እሱ ምራቅ ይከላከል ይሆናል እንጂ የእርሳስ ጭስ አያስቀርም። በሌላው ቀን አፋችንን የምንሸፍነው በሻሽ ነው። ወለሉም የሚጠረገው በደረቁ ነው፤ ጽዳቱ ሲጀመር አቧራው ከቀኑ ሥራ ይብሳል። ባለሙያው ድስቱን ገልጦ ቢያይ ኖሮ መቀዝቀዙን ያውቅ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ሁላችንንም ያስፈራን ይህኛው ነው።

ከመካከላችን አንድ ወጣት፣ የአንጋፋውን እጅ ካየ በኋላ፣ በራሱ ገንዘብ ደሙን አስለካ። ይህ ምርመራ በየሠፈሩ ክሊኒክ የሚገኝ አይደለም። ናሙናው ውጭ አገር ተልኮ ነው የመጣለት። የአንድ ወር ደሞዙን ሊጨርስበት ምንም አልቀረውም። ውጤቱ በአንድ ዴሲሊትር ደም 63 ማይክሮግራም ይላል። ዴሲሊትር ማለት የሊትር አንድ አሥረኛ ነው። ይህን ቁጥር ከምን ጋር እንደምናስተያየው አናውቅም ነበር፤ ጠያይቀን ደረስንበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ 5 ላይ ሲደርስ እርሳሱ ከየት እንደሚመጣ ይፈለግ፣ እርምጃም ይወሰድ ይላል። የአውሮፓ ኅብረት ለሠራተኞች 70 የነበረውን ጣሪያ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 15 እንዲወርድ ወስኗል። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት፣ ዛሬ ብዙ ሰው ላላ ያለ ነው በሚለው ደንብ እንኳን፣ 60 የደረሰ ሠራተኛ ከቦታው ይነሳል። ተደጋግሞ የተለካው ደሙ አማካዩ 50 የደረሰም ይነሳል። ደሞዙ እስከ 18 ወር አይነካም፤ ከ40 በታች ሲወርድ ወደ ቦታው ይመለሳል።

የእኛ ልጅ ወረቀቱን ይዞ አለቃው ጋ ገባ። «ማን ፈቀደልህ?» ተባለ። በሁለተኛው ሳምንት ውሉ አልታደሰም። ዛሬ የሚሠራው ሌላ ሠፈር፣ መንገድ ዳር፣ እዚያው ባትሪ ላይ ነው። የሚያውቀው ሥራ ያ ነው።

ከዚያ ወዲህ ማንም መመርመር አይፈልግም። ይህን በግልጽ እንናገራለን። ነገ ጠዋት ሐኪም ይዛችሁ ብትመጡ ግማሻችን የምንደበቅ ይመስለናል። ውጤቱ ከፍ ካለ እንጀራው ይቋረጣል። ዝቅ ካለ ምንም አይለወጥም። ታዲያ ሰው ለምን ክንዱን ይሰጣል? ስለዚህ ደማችንን ለኩልን ስንል፣ ከልኬቱ በኋላ ስለሚሆነው ነገር አብራችሁ እንድትወስኑ ነው።

የምንጠይቀው አዲስ ሕግ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው እንደ ሥራው ጠባይ፣ አደገኛ ሥራ ላይ የተሰማሩትን በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያስገድዳል። «እንደ ሥራው ጠባይ» የሚለውን ልብ በሉልን። እርሳስ የሚያቀልጥ ሰው የሥራው ጠባይ ሚዛን ላይ ተቁሞ አይታወቅም። ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ላይ አለ። አገራችን የሙያ ደህንነትን የሚመለከተውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 ካጸደቀች ከ30 ዓመት በላይ ሆኗታል።

ነገሩ አዲስ ሆኖባችሁም አይመስለንም። ጅማ ከተማ የጋራዥ ሠራተኞች ደም ተለክቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ጥናቱ ታትሟል፤ የተመረመሩት ሠራተኞች ሁሉ ከ10 ማይክሮግራም በላይ ነበሩ። እነሱ እንደ እኛ ቀኑን ሙሉ ድስት ላይ የሚቆሙ እንኳን አይደሉም። ሴኔጋል፣ ዳካር አጠገብ ቲያሮዬ ሱር ሜር የሚባል ሠፈር ውስጥ ያረጀ ባትሪ ከሚፈታበት ቦታ በተነሳ እርሳስ እ.ኤ.አ. በ2007 እና 2008 መካከል 18 ልጆች ሞተዋል። ኬንያ፣ ሞምባሳ፣ ኦዊኖ ኡሁሩ በሚባል ሠፈር ደግሞ አንዲት የባትሪ ፋብሪካ ሠራተኛ የምታጠባው ልጇ ሲታመምባት ነው ጉዳዩ የተገለጠው። ፊሊስ ኦሚዶ ትባላለች። ፋብሪካው ተዘግቷል፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2020 ለነዋሪዎቹ 1.3 ቢሊዮን ሽልንግ ፈርዷል። ፕሌት የምትደረድረው እህታችን ይህን ታሪክ ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ የላትም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

የተዘጋው ፋይል ይከፈት፤ ቁጥጥሩም ሳይነገር፣ ድስቱ በሚነድበት ሰዓት ይደረግ። ለባለሙያው ጥቆማ፦ ድስቱ የሚለኮሰው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው፤ ቅዳሜም ይሠራል።

የሁላችንም ደም በአሠሪው ወጪ ይለካ። ከጣት ሳይሆን ከክንድ ደም ሥር ይቀዳ፤ የእኛ ጣት ላይ ያለው አቧራ ውጤቱን ያበላሸዋል። ከዓመት ፈቃድ በተመለስን ማግሥትም አይሁን፤ አንድ ወር ከሥራ የራቀ ሰው ደም ከእውነተኛው ያነሰ ቁጥር ያሳያል። ቢያንስ በየስድስት ወሩ፣ 40 ለደረሰ ሰው ደግሞ በየሁለት ወሩ ይደገም። ውጤቱ በየግላችን በእጃችን ይሰጠን። እስካሁን የአንድም ምርመራ ውጤት በእጃችን ገብቶ አያውቅም፤ ሁሉም ያለው አስተዳደር ቢሮ ካዝና ውስጥ ነው።

ደሙ ከፍ ያለ ሰው ሙሉ ደሞዙን እያገኘ ከእርሳሱ ይራቅ። የት እንደሚመደብ ድርጅቱ ይወቅበት። ግቢው ውስጥ ዕቃ ግምጃ ቤት አለ፣ የሽያጭ ሱቅ አለ፣ በር ጥበቃ አለ። እርሳስን ከሰውነት የሚያስወጣ መድኃኒት መኖሩን ሰምተናል። በሐኪም ትእዛዝ ለታመመ ሰው ይሰጥ፤ መድኃኒቱን ውጦ ወደዚያው ድስት የሚመለስ ሰው ግን እንዲኖር አንፈልግም።

ድስቱ ላይ ጭስ መሳቢያ ይተከል። ወለሉ በእርጥብ ይጸዳ። ትክክለኛ ማጣሪያ ያለው ማስክ ይሰጠን። ሳሙናና ውኃ፣ ሻወር፣ ከሥራ ቦታው የተለየ መመገቢያ ይኑር። ቱታችን እዚያው ግቢ ውስጥ ይታጠብ እንጂ ወደ ቤታችን አይሂድ። ወተቱን ብትተዉት አንቀየምም፤ የወተቱ ሒሳብ ለሳሙና ይዋል።

ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ባሳወቀች ማግሥት ትነሳ። የእህታችን ሕፃንም ትመርመር። ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ሁለት ረዳቶች ባትሪ እየፈቱ ነው፤ ቁጥጥር በመጣ ቀን «ዛሬ እረፉ» ይባላሉ። እነሱም ከዚያ ይውጡ።

የአንጋፋው ባልደረባችን እጅ በሙያ ምክንያት የመጣ ሕመም ሆኖ እንዲታይ ወደ ሕክምና ቦርድ ይላክ። ውሉ ያልታደሰው ወጣትም ጉዳይ ይጣራ። ወረቀቱ አለው፤ በፈለጋችሁት ሰዓት ይዞ ይመጣል።

መልሱ እንደ በፊቱ ግማሽ ገጽ ቢሆንም ቅር አይለንም። ብቻ የደማችን ቁጥር ይጻፍበት።

ከሰላምታ ጋር፣

የባትሪ እድሳት ክፍል ሠራተኞች ተወካይ
(እርሳስ ማቅለጫው ላይ 11 ዓመት የሠራ፣ ደሙ ያልተለካ)